ብልጭታው የት ጠፋ? የድሮ ትራክተር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ የእርሻ ትራክተሮች ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቤንዚን እያለው አልነሳ ስላለ፣ ወይም ተነስቶ እየሠራ ድንገት ስለሚጠፋ ሞተር የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለማቀጣጠያው ክፍል ሰጥቼዋለሁ። ከአገር ውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ የእርሻ መሬት ስትገዙ፣ በረቱ ውስጥ የቆመ አሮጌ ትራክተር አብሮ እየተረከባችሁ መሆኑን ከደብዳቤዎቻችሁ አይቻለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ባለቤቱ ራሱ፣ በእርሻው ላይ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ እንዲጠግናቸው ነው።

ከቨርጂኒያ፣ ከኩልፔፐር አካባቢ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር እዚህ ገጠር ትንሽ መሬት ገዝተናል። ሻጩ የ1949 ፎርድ 8ኤን ትራክተር ትቶልን ሄደ። ጠዋት ያለ ምንም ችግር ይነሳል። ሣር ማጨድ ከጀመርኩ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ግን መንተፋተፍ ይጀምርና ይጠፋል። አንድ ሰዓት ያህል ካረፈ እንደገና ይነሳል። ካንዴላዎቹን፣ የካንዴላ ገመዶቹንና ካርቡሬተሩን ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩን በሙሉ ቀይረው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መሬቱ የበረከት ይሁንላችሁ። ከእንግዲህ አንድም ዕቃ ሳትገዛ ይህን መልስ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። እስካሁን የቀየርካቸው ዕቃዎች መጥፎ ስለመሆናቸው ምንም ማስረጃ አልነበረህም። የድሮ ማቀጣጠያ ከባትሪው ተነስቶ እስከ ካንዴላው ጫፍ ድረስ በአንድ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ሬዚስተር፣ ኮይል (የባትሪውን ቮልት ከፍ የሚያደርገው)፣ ኮንታክት ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው) ከነኮንደንሰሩ፣ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና ሮተር፣ ገመድ፣ ካንዴላ። እያንዳንዱን በየተራ መፈተሽ ይቻላል። ኮምፒዩተር የለበትም፣ የተደበቀ ነገርም የለበትም። የጠፋው ብልጭታ እስከ የት ድረስ እንደመጣ ካወቅህ የሚገዛው ዕቃ ራሱ ይታወቃል።

በመጀመሪያ የብልጭታ ችግር መሆኑን እናረጋግጥ፤ የነዳጅ ችግርም ልክ እንደዚህ ያደርጋልና። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብህ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ እዚያው ቆመህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፈት አድርግ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ከተደፈነች ታንኩ አየር አጥቶ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን ስትከፍት ወዲያው ከተነሳልህ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፍታና በጣሳ ተቀበል። ቤንዚኑ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ ወይም ጥቂት ወርዶ ካቆመ ማጣሪያዎቹን እይ፤ በብርጭቆው ማጣሪያ ላይና ቱቦው ካርቡሬተሩ ውስጥ በሚገባበት ክርን ውስጥ ወንፊቶች አሉ፤ የታንክ ዝገት የሚጠራቀመው እነሱ ላይ ነው። ይህን ስታደርግ ሞተሩ ትኩስ መሆኑን አትርሳ። ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ እንዳይፈስ፣ አጠገብህም የሚጨስ ሰው እንዳይኖር።

ሁለተኛ፣ ብልጭታውን እይ። የብልጭታ መፈተሻ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ክፍተቱን 6 ሚሊሜትር ያህል አድርገህ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰካውና ሞተሪኖውን አዙር። ጤነኛ ብልጭታ ሰማያዊ ነው፣ ሲዘል ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ የምንፈልገው እዚህ ነው። ካንዴላን ነቅሎ፣ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ማየት ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ነገር ግን በነፃ አየር ውስጥ የሚበራ ካንዴላ ሲሊንደር ውስጥ፣ በታመቀ አየር መካከል ላይበራ ይችላል። መፈተሻው ሰፋ ያለ ክፍተት እንዲዘል የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

አሁን አንተ የነገርከኝን ልመዝን። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። የነዳጁ ነገር ንፁህ ከሆነ፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኮይል ጠባይ ነው። በኮይሉ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። ሙቀት ሲነካው ይለጠጣል፤ በአንድ ቦታ የተጎዳ ከሆነ ይላቀቃል ወይም መሸፈኛው ይበሳል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ነገር ግን ኮይሉ ሞተ ብዬ ብቻ ባቆም እንዲያው አዲስ ገዝተህ እሱንም ታቃጥለዋለህ። ጥያቄው ለምን ጋለ የሚለው ነው።

ባትሪህን ተመልከት፤ ክዳኖቹን ቁጠር። ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ከሆኑ 12 ቮልት። 8ኤን ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ቮልት ነበር፣ የባትሪው ፖዘቲቭም ነበር ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያዘው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለቤቶች ዲናሞውን አውጥተው አልተርኔተር አስገብተው ወደ 12 ቮልት ቀይረዋቸዋል። ሥራው በትክክል ከተሠራ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኮይሉን ይረሱታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለ6 ቮልት የተሠራ ኮይል 1.5 ኦም ያህል ቢሆን፣ በ6 ቮልት 4 አምፒር ይወስዳል። 12 ቮልት በቀጥታ ብትሰጠው 8 አምፒር ይወስዳል። ሙቀቱ ደግሞ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ በአራት እጥፍ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚለው ቁጥርህ እኔን ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ኮንታክት ፖይንቱም 8 አምፒር እየቆረጠ ብዙ አይቆይም፤ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል።

የ1949ኙ 8ኤን ዲስትሪቢዩተር ከሞተሩ ፊት፣ ከማራገቢያው ኋላ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ኮይሉም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ በላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የምትወጣ ስፕሪንግ ነች ከዲስትሪቢዩተሩ ጋር የምታገናኘው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሬዚስተር አለ። ኮይሉ ከባትሪው የሚደርሰውን ኃይል በሙሉ እንዳይወስድ የተቀመጠው እሱ ነው። 6 ቮልት ሆኖ እንኳ ሬዚስተሩ መኖር አለበት፤ 12 ቮልት ሲሆን ደግሞ ከሱ በተጨማሪ ሌላ ሬዚስተር ያስፈልጋል፣ ወይም ለ12 ቮልት የተሠራ የፊት ለፊት ኮይል። ስለዚህ ከቁልፉ የሚወጣውን ሽቦ በእጅህ ተከተል። በሬዚስተሩ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ኮይሉ ላይ ከደረሰ፣ ወንድሜ፣ አገኘኸው።

ቴስተር ካለህ አንድ ጥሩ ልኬት አለ። ቁልፉን ከፍተህ፣ የኮይሉ አናት ላይ ያለውን ብሎን ቮልት እየለካህ፣ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያደረግህ አዙር። ኮንታክቱ ሲከፈት የባትሪውን ሙሉ ቮልት ታያለህ፤ ሲዘጋ ቮልቱ መውረድ አለበት። ወርዶ የማያውቅ ከሆነ ወይ ሬዚስተሩ ተዘሏል፣ ወይ ኮንታክቱ አይዘጋም፣ ወይ ኮይሉ ውስጥ ሽቦው ተበጥሷል። ጨርሶ ምንም ካላነበበ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ ቁልፉ፣ ሬዚስተሩ ወይም ሽቦው። ይህችን አንዲት ልኬት የሚያውቅ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

በዚሁ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍተህ አትተው። ሞተሩ ሲቆም ኮንታክቱ ተዘግቶ ከቆመ ኮይሉ ሳይቋረጥ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ሬንጅ ቀልጦ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጆች ትራክተሩ ላይ ሲጫወቱ ቁልፍ ሊከፍቱ ስለሚችሉ የባትሪ መቁረጫ ብታስገባበት ጥሩ ነው።

ጓደኛህ ዲስትሪቢዩተሩን ቀይረው ማለቱ ከቅንነት ነው፤ ግን አትቸኩል። አውጥተህ ተመልከተው። ክዳኑንና ኮይሉን ካነሳህ በኋላ የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ሲመለስ ደግሞ የሚገጥመው ምላስ ከመሐሉ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። ካልገባልህ ግማሽ ዙር አዙረው እንጂ ብሎኖቹን እያጠበቅህ አታስገድደው፤ ቤቱ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል። ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ዘንጉን በጣትህ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው። በግልጽ የሚጫወት ከሆነ ቡሽንጉ፣ ማለትም ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት አልቋል፣ ያኔ ጓደኛህ ልክ ነው፤ ዘንጉ እየተወዛወዘ የኮንታክቱ ክፍተት ጸንቶ ሊቆይ አይችልምና። የማይጫወት ከሆነ ኮንታክቱን አስተካክለህ መልሰው።

ክፍተቱ ለዚህ ለፊተኛው ዲስትሪቢዩተር 0.015 ኢንች ነው፣ 0.38 ሚሊሜትር ገደማ። የምትለካው ኮንታክቱን የሚገፋው ክፍል በካሙ ጉብታ ጫፍ ላይ በቆመበት ሰዓት ነው። ፊለር ጌጁ፣ ያ የብረት ቅጠል መለኪያ፣ ጥቂት እየያዘ ማለፍ አለበት። ከዚያ ንፁህ ወፍራም ወረቀት በኮንታክቶቹ መካከል አስገብተህ ሳብ፤ ፊለር ጌጅ ላይ ያለች የዘይት ጠብታ ብቻ ኮንታክት እንዳይነካ ታደርጋለች። አዲስ ኮንታክትም ከፋብሪካ ሲመጣ የሚቀባ ነገር አለበትና ሳይጠረግ አይገባም። ይህን እያወቁ የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። አንባቢዎች ሆይ፣ ከ1950 አጋማሽ ወዲህ የተሠራ 8ኤን ያላችሁ ግን ዲስትሪቢዩተሩ ከሞተሩ ጎን ነው፣ ኮይሉም ክብ ነው፤ የእሱ ክፍተት 0.025 ኢንች ነውና በዚህኛው ቁጥር አታስተካክሉት። የሁለቱም የካንዴላ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚያቀጣጥሉበት ቅደም ተከተል፣ 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው።

ኮንደንሰሩ ትንሽ ቆርቆሮ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር ኮንታክቱ በደቂቃ 4000 ጊዜ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ መሄድ ይፈልጋል። ኮንደንሰሩ ያንን ይቀበልና የኮይሉ የማግኔት ኃይል በቅጽበት እንዲወድቅ ያደርጋል፤ ካንዴላው ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ቮልት የሚወለደው ከዚያ ቅጽበት ነው። ኮንደንሰሩ ሲደክም ብልጭታው እዚያው ኮንታክቱ ላይ ይቀራል። ክዳኑን ከፍተህ ኮንታክቶቹ ተቃጥለው ካየህ፣ መጀመሪያ የኮይሉን አምፒር፣ ቀጥሎ ኮንደንሰሩን ጠርጥር። ኮንደንሰሩም ሲሞቅ የሚሞት ነገር ነውና፣ ሬዚስተሩ በቦታው ካለና ኮይሉ የማይግል ከሆነ ያንተ ጥፋተኛ እሱ ሊሆን ይችላል። የወጣውን የድሮ ኮንደንሰር ግን አትጣለው፤ አሁን የሚሸጡት ሁሉ ከሱ የተሻሉ አይደሉም።

ከሚኒሶታ

«ጤና ይስጥልን። የገዛነው ቤት በረት ውስጥ ቀይ ፋርሞል ኤች ትራክተር አለ። ባትሪ የለውም። ጎረቤታችን፣ አንድ አረጋዊ ገበሬ፣ ማግኔቶ ነው ያለው፣ ባትሪ አያስፈልገውም አሉን። ከፊት በብረት ሲያዞሩት ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ ጥርስ ተሰብሮበታል ይላል። እውነት ያለ ባትሪ ብልጭታ ይኖራል? ድምፁስ ምንድን ነው? አንድ ጊዜ ለማስነሳት ሞክረን አልተነሳም።»

እህቴ፣ ጎረቤታችሁ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ስላለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቡና ጠርታችሁ የሚያውቁትን ሁሉ ጠይቋቸው።

ማግኔቶ ኤሌክትሪኩን ራሱ ነው የሚሠራው። በውስጡ ቋሚ ማግኔት አለ፤ ሞተሩ ሲያዞረው በሽቦው ጥምጥም ውስጥ የማግኔቱ ኃይል ይቀያየራል፣ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኮንታክቱ በትክክለኛው ሰዓት ሲከፈት ከፍተኛው ቮልት ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ኮይል፣ ኮንታክት፣ ኮንደንሰርና ዲስትሪቢዩተር ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። በጀርመን የሮበርት ቦሽ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ከፍተኛ ቮልት ያለውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ ካወጣ በኋላ ነው ይህ ነገር በዓለም የተስፋፋው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቻርልስ ኬተሪንግ ባትሪና ኮይል የሚጠቀመውን ሌላኛውን መንገድ ሠራ፤ በ1910 ካዲላክ መኪና ላይ ገባ። መኪኖች ቶሎ ወደ ባትሪው ዞሩ። ትራክተር ግን ለረጅም ጊዜ ማግኔቶን አልተወም፣ ምክንያቱም ገበሬ ክረምቱን ሙሉ የቆመ ባትሪ አያምንም። ከ1939 እስከ 1953 የተሠራው ኤች ላይ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ራሱ የሠራው ኤች-4 የሚባል ማግኔቶ ይገኛል። የእናንተም እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቤቱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ድምፁ። ያ ቀጭ የሚለው የጤንነት ምልክት ነው፤ ለባለቤትሽ ንገሪልኝ። በእጅ ሲዞር ሞተሩ ቀርፋፋ ነው፣ ማግኔቶም በዝግታ ከዞረ የረባ ብልጭታ አይሰጥም። ስለዚህ በማግኔቶውና በሚያዞረው ዘንግ መካከል ኢምፐልስ የሚባል መጋጠሚያ አለ። አንዲት ምላስ ማግኔቶውን ይዛ ታቆመዋለች፣ ዘንጉ ግን መዞሩን ስለማያቆም ስፕሪንጉ ይጠመዘዛል፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ምላሷ ትለቃለች፣ ማግኔቶውም ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ይስፈነጠራል። ቀጭ! በዚያች ቅጽበት ጠንካራ ብልጭታ ይወጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፍጥነቱ ምላሶቹን ወደ ውጭ ስለሚይዛቸው ድምፁ ይጠፋል።

ኢምፐልሱ ሌላም ታላቅ ነገር ያደርጋል፤ ብልጭታውን ያዘገየዋል። ሞተር በፍጥነት ሲዞር ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው የሚመጣው። በእጅ ስታዞሩት እንደዚያ ቢመጣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመታል፣ ብረቱም ከእጃችሁ ጋር ይመለሳል። ክንድ የሚሰበረው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ይህን በጥብቅ እለምናችኋለሁ፦ ማኖቬላ፣ ማለትም የእጅ መጠምዘዣው ብረት ስታዞሩ ቀጭ የሚለው ድምፅ ካልተሰማ አታዞሩ። አውራ ጣታችሁ ብረቱን አቅፎ መያዝ የለበትም፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ከታች ወደ ላይ ሳቡ እንጂ ከላይ ወደ ታች አትጫኑ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ ጎማዎቹ በግንድ ተደግፈው፣ ልጆች ርቀው። ድምፁ አንድ ቀን ከጠፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምላሶቹ ላይ የደረቀ ግራስ ነው። ማግኔቶውን አውጥታችሁ መጋጠሚያውን በላምባ አጥባችሁ፣ ቀጭን ዘይት በጣም ጥቂት ነክታችሁ ትመልሱታላችሁ። ግራስ እንደገና እንዳትቀቡበት።

ታዲያ ለምን አልተነሳም? ማግኔቶ የሚጠፋበት መንገድ ከባትሪው ተቃራኒ ነው። የባትሪ ማቀጣጠያ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቆረጣል። ማግኔቶን ለማጥፋት ግን ኤሌክትሪኩን ወደ ትራክተሩ አካል ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ የማጥፊያው ሽቦ ግራውንድ ሲነካ ብልጭታው ይሞታል። ስለዚህ ያ ሽቦ በአንድ ቦታ አይጥ ልጦት ብረት ከነካ፣ ወይም ማጥፊያው ውስጡ ዝጎ ከተጣበቀ፣ ሞተሩ ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው የሚኖረው። በረት ውስጥ ለዓመታት የቆመ ትራክተር ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሽቦውን ከማግኔቶው ላይ ፍቱትና ብልጭታውን ፈትሹ። ብልጭታ ከመጣ ማግኔቶው ደኅና ነው፣ የሚቀየረው ሽቦው ወይም ማጥፊያው ነው። ሽቦው እንደተፈታ ሞተሩ ከተነሳባችሁ በቁልፍ አይጠፋም፤ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉና ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ።

ብልጭታ ካልመጣ ክዳኑን ክፈቱ። ኮንታክቶቹ ለዓመታት ሳይነኩ ሲቀመጡ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሽፋን ይይዛሉ፤ በጣም ደቃቅ በሆነ የኮንታክት ሞረድ ቀለል አድርጋችሁ፣ በወረቀት አጽዱ። የኤች-4 ክፍተት 0.013 ኢንች ነው፣ 0.33 ሚሊሜትር። የክዳኑን ውስጥ በብርሃን እዩት፤ ቀጭን ጥቁር መስመር እንደ ፀጉር ተሰምሮ ካያችሁ ብልጭታው በዚያ እየሸሸ ነው፣ ክዳኑ ይቀየር። የካንዴላ ገመዶቹ ውስጣቸው መዳብ የሆነ ይሁኑ፤ ለዘመናዊ መኪና የሚሸጡት ውስጣቸው ካርቦን የሆነው ለዚህ ሥራ አይስማሙም። የኤች የካንዴላ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።

አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ። ባትሪ አምጥታችሁ ማግኔቶው ላይ አታገናኙ። ሊረዳው የሚችል ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡን ያቃጥላል፣ ማግኔቱንም ሊያዳክም ይችላል።

ከአርሲ

«እንደምን ነዎት? አባታችን የተዉልን ማሴይ ፈርጉሰን 135 አለን። ጠዋት ጠዋት ሲበርድ በጣም ያስቸግራል። አንድ ሰው የኢግኒሽን ኮይሉ ደክሟል፣ ካንዴላዎቹም ይቀየሩ አለኝ። ፈልጌ ፈልጌ ካንዴላ አላገኘሁም። የት ነው ያለው?»

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ስለ አርሲ ስትጽፍልኝ ልቤ ተነካ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አሰላ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ያ አገር ትራክተር የለመደ ነው። ካንዴላ ያላገኘኸው ስለሌለ ነው። የናንተው ናፍታ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ ይግላል፣ ናፍታው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ኮይልም፣ ኮንታክትም፣ ካንዴላም አይፈልግም። ለማረጋገጥ ከናፍታ ፓምፑ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄዱትን ሦስት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እይ። ስለዚህ ለኮይል ገንዘብ አትክፈል።

ጠዋት የሚያስቸግረው ከሆነ ባትሪውን፣ የሞተሪኖውን ወፍራም ገመዶችና ግራውንዱን አጥራ፤ ሞተሪኖው በዝግታ ካዞረው አየሩ በቂ ሙቀት አያገኝም። ከዚያ አየር በሚገባበት ቱቦ ላይ ያለውን ማሞቂያ እይ። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ቦታ ይዘህ ስትጠብቅ በእጅህ ሙቀት ካልተሰማህ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም ወይም ተቃጥሏል። ማሞቂያው ደኅና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ስለ ናፍታ ማጣሪያና ስለ ኢንጀክተር ሌላ ጊዜ ጻፍልኝ፤ በደስታ እመልሳለሁ።

ከእንግሊዝ፣ ከዮርክሻየር

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የባለቤቴ አያት ግራጫ ፈርጉሰን ቲኢ20 አላቸው፣ ቤንዚን። አሁን እኔ ነኝ የምንከባከበው። ኮንታክት ፖይንቱን አውጥቼ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ልተካው አስቤያለሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ያንን ትራክተር እኔ እወደዋለሁ። ሃሪ ፈርጉሰንና ሄንሪ ፎርድ በ1938 በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተስማምተው አብረው ሠሩ፤ ስምምነቱ ፈርሶ ፎርድ 8ኤንን ሲያወጣ ፈርጉሰን ደግሞ ኮቨንትሪ ላይ ቲኢ20ን ያሠራ ነበር። ፈርጉሰን ፎርድን ከሶ ነበር፤ ክሱ በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አለቀ። ስለዚህ ከላይ የጻፈልኝ የቨርጂኒያው ወንድማችንና አንተ የያዛችሁት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኤድመንድ ሂላሪ በጥር 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በፈርጉሰን ትራክተሮች ነው። ይህን የምነግርህ ኮንታክት ፖይንት ያለው ሞተር ደካማ ነው የሚል ሐሳብ ካለህ እንድትተወው ነው።

ስለ ኤሌክትሮኒኩ ያለኝ አስተያየት እነሆ። ትራክተሩ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነና ዲስትሪቢዩተሩ ዘንጉ ትንሽ የሚጫወት ከሆነ ኤሌክትሮኒኩ ይጠቅምሃል፤ ለትንሽ መወዛወዝ እንደ ኮንታክት አይበሳጭም፣ የሚያልቅ ነገርም የለውም። በበዓልና በእርሻ ትርኢት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ኮንታክቱን ተወው። ኮንታክት ሲደክም ቀስ እያለ ይነግርሃል፤ ማስነሳቱ ይከብዳል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ አንተም በሜዳ ላይ ሆነህ በወረቀት ጠርገህ ወደ ቤት ትመለሳለህ። ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ሲሞት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል፣ ሜዳ ላይም የሚጠገን ነገር የለውም። የአያት ትራክተር ከሆነ ደግሞ እኔ በበኩሌ እሳቸው ሲነኩት የኖሩት ነገር ቢቀርበት ደስ አይለኝም።

ወስነህ የምታስገባ ከሆነ ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር እይ። የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ ከአካሉ ጋር የታሰረው? ፈርጉሰኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ፖዘቲቩ ነው፤ ለኔጋቲቭ የተሠራ ሞጁል ብታስገባ ቁልፉን በከፈትክበት ቅጽበት ይሞታል። ቀጥሎ ቮልቱን አረጋግጥ፣ ሞተሪኖው ሲዞርም ስንት እንደሚወርድ ለካ፤ ባትሪው ደካማ ከሆነ ኮንታክት የሚያስነሳውን ሞተር ሞጁሉ ላያስነሳው ይችላል። ሦስተኛ፣ የኮይሉን ኦም ለካና ሞጁሉ ከሚፈልገው ጋር አነጻጽር። ገመዶችን ስትነቅል የካንዴላ ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 መሆኑን ያዝ፤ እዚህ ላይ ከፎርዱ ይለያል፣ የፎርድ መመሪያ አይተው ገመድ የሚያምታቱ አሉ። የምታወጣውን ኮንታክት፣ ኮንደንሰርና መያዣ ብሎን ጠርገህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ከአንድ ፊለር ጌጅና ከካቻቢቴ ጋር በትራክተሩ የዕቃ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ። ሞጁሉ ሜዳ ላይ ቢሞትብህ መልሰህ ትገጥመዋለህ።